የአንጎል ክኒን በልብ ቤት

አክስቴ ዘንድ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለች። ብስኩቱ ካለቀ ሃያ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም፤ ቆርቆሮዋ ግን አንድም ቀን ሥራ ፈትታ አታውቅም። የቤቱ መድኃኒት በሙሉ የሚያድረው እዚያች ውስጥ ነው። ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ጉጉፍቱን ወጥታችሁ፣ አቀስታን አልፋችሁ መካነ ሰላም ስትደርሱና አቦሉ ሲቀዳላችሁ፣ ቆርቆሮዋን ከረከቦቱ ብዙም ሳትርቅ ታገኟታላችሁ።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት ሄጄ አንድ ማታ መብራት ጠፋ (ይሄ ዜና አይደለም)። አክስቴ በስልኬ ባትሪ ብርሃን ቆርቆሮዋን ከፍታ የራሷን ዲጎክሲን ስትፈልግ እጇ የገባው የልጅ ልጇ መድኃኒት ነበር። እሷ ልጅ ሳለች በያዛት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልቧ በር ተበላሽቷል። ልጁ ደግሞ የሚጥል በሽታ አለበትና ፌኒቶይን ይወስዳል።

«እትዬ፣ ይሄኮ የልጁ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እሷ እቴ፣ ምኗ ይደነግጣል! «አይ አንተ፣ ሁሉም መድኃኒት አይደል እንዴ? የሱ ለራስ፣ የኔ ለልብ። ራስና ልብ ደግሞ ጎረቤት ናቸው» አለችኝና ሳቀች።

በማግስቱ አዲስ አበባ ላለ ፋርማሲስት ጓደኛዬ ደውዬ ነገሩን እንደ ቀልድ አወራሁለት። እሱ አልሳቀም። «ለማንኛውም ለያይታ ታስቀምጥ» አለና ቀጠለ፤ «ግን ታውቃለህ? ፌኒቶይን ድሮ ለልብም ይሰጥ ነበር።»

እናላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ የዚያች የስልክ ወሬ ውጤት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከልብም ከአንጎልም በራቀ ቦታ ነው። በ1908 ኪል በምትባል የጀርመን ከተማ ሄይንሪሽ ቢልትዝ የተባለ ኬሚስት አንድ አዲስ ውሕድ ሠራ። ምን እንደሚፈውስ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አላሰበበትም። ውሕዱ ለሰላሳ ዓመት ያህል ማንም ሳያስታውሰው ተቀመጠ።

በዚያ ዘመን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የነበረው ምርጫ ሁለት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ብሮማይድ፣ ሌላው በ1912 የተጨመረው ፌኖባርቢታል። ሁለቱም መጣሉን ይቀንሳሉ፤ ሰውየውንም አብረው ያደነዝዙታል። ከዚህ የተነሳ «ካላስተኛ አያድንም» የሚል እምነት ሐኪሞቹ ዘንድ ሰፍኖ ነበር። ይህን እምነት የተጠራጠሩት ቦስተን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ትሬሲ ፑትናምና ሂውስተን ሜሪት ናቸው። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ድመት ላይ ኤሌክትሪክ እየለቀቁ እንድትንቀጠቀጥ የሚያደርጋትን መጠን ይለካሉ፤ መድኃኒት ሰጥተው እንደገና ይለካሉ። ፓርክ ዴቪስ የተባለው መድኃኒት አምራች ከመጋዘኑ ውሕዶችን ላከላቸው። ከተላኩት መሐል ያ የቢልትዝ ውሕድ ነበረበት፤ እንቅልፍ ስለማያመጣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው። ድመቷን ከመንቀጥቀጥ ጠበቃት፣ አላስተኛትምም። በ1938 ውጤቱን አሳተሙ። ዓለም ዳይላንቲን በሚል የንግድ ስሙ ያወቀው ፌኒቶይን እንዲህ ተወለደ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ባልጻፍኩ፣ እናንተም ባላነበባችሁ። ጥያቄው ልብ ጋ ምን ወሰደው ነው።

አንጎልም ልብም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ኤሌክትሪኩ ከመብራት ኃይል አይመጣም (ደግነቱ!)፤ ከጨው ነው። የገበታ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ወደ ውስጥ ሲገባ ሕዋሱ ይነቃል፤ በሮቹ ሲዘጉ ያርፋል። የሚጥል በሽታ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ የአንጎል ሕዋሳት እረፍት አጥተው በአንድ ላይ ይጮኻሉ። የልብ ምት ሲዛባ ደግሞ ለምሳሌ ከታችኛው የልብ ክፍል አንዲት ቦታ ሳትታዘዝ ትነሳና «እኔ ነኝ የምመታው» ትላለች። ፌኒቶይን የሚይዘው እነዚህን የሶዲየም በሮች ነው፤ ያውም ሁሉንም እኩል አይደለም። ደጋግመው የሚከፈቱትንና የሚዘጉትን ይይዛል፤ በእርጋታ የሚሠሩትን ግን እምብዛም አይነካም። ሰፈር ሲረበሽ መጥቶ የሚንጫጫውን ብቻ በእጁ የሚይዝ ሽማግሌ ታውቁ የለ? እንደሱ ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህ ዝርዝር በኋላ የተገኘ እውቀት ነው። በ1950 ሃሪስና ኮከርኖት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሮቹን አያውቁም ነበር። የውሾችን የልብ ደም ሥር ቋጥረው ልባቸው ከታች እየተነሳ በፍጥነት እንዲመታ አደረጉ፤ ከዚያ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ሰጧቸው። የአንጎልን ሁከት ያረጋ መድኃኒት የልብንም ሁከት አረጋ።

ቀጣዩን ምዕራፍ ሳነብ ነው ከወንበሬ ቀና ያልኩት፤ እኛን የሚነካ ነገር አለበትና።

በወይና ደጋው ቁጥቋጦ ውስጥ ምረንዝ የሚባል ዛፍ አለን። ነጭ፣ ሽታው ደስ የሚል አበባ ያብባል፤ ግን መርዝ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከዘመዶቹ ጋር ቀቅለው ቀስታቸውን ይቀቡበት ነበር። ሳይንሳዊ ስሙ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ነው። «ሺምፔሪ» የተባለው ዕድሜውን እዚህ ዕፅዋት ሲለቅም ለኖረው ጀርመናዊ ለቪልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው። ሰውየው በ1830ዎቹ መጥቶ ትግራይ ውስጥ ኑሮውን መሠረተ፤ በኋላ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ፤ በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ነጻ ወጣ፤ በ1878 አድዋ ላይ አረፈ። መቅደላ ደግሞ ከአክስቴ ቤት በጣም የራቀች አይደለችም፤ ያው ደቡብ ወሎ ናት። (በነገራችን ላይ፣ የዚህን ዛፍ ልጣጭ አኝካ መርዙን ጎኗ ላይ ያለውን ጸጉር የምትቀባ አንዲት ጸጉራም ትልቅ አይጥ አለች። የነከሳት ውሻ ወዮለት። ነገሩ በጥናት ተረጋግጦ የታተመው በ2011 ነው። አይጥ ፋርማሲስት ስትሆን አስቡት!)

የዛፉ መርዝ ዋባይን ይባላል። ስሙ የመጣው «ዋባዮ» ከሚለው የሶማሊኛ ቃል ነው፤ የቀስት መርዝ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 ከምረንዝ የቅርብ ዘመድ ነጥሎ አወጣው። ዋባይን የሚገድለው ልብን በማወክ ነው። በትንሹ ሲሰጥ ደግሞ የደከመ ልብን ያበረታል። እንግሊዛዊው ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 የጻፈለት ዲጂታሊስ የተባለው አበባ ጠባዩ ቁርጥ ይኸው ነው፤ የአክስቴ ዲጎክሲን የዚያ አበባ ቤተሰብ ልጅ ናት። ዊዘሪንግ ራሱ እንደጻፈው ነገሩን የሰማው አንዲት አሮጊት ባልቴት በምስጢር ከያዘችው የቤት መድኃኒት ነው። መድኃኒት አዋቂ ባልቴት የወሎ ብቻ እንዳትመስላችሁ።

ታዲያ በ1954 ሞዚና ታይለር የተባሉ ተመራማሪዎች ውሾችን ዋባይን እየሰጡ ልባቸውን አሳበዱና፣ እነፕሮኬይንን፣ እነኪኒዲንን፣ ፌኒቶይንንም በየተራ ሞከሩ። እኛ ቤት በስሙ የምንፈራው የዛፍ መርዝ ያመሰውን ልብ የሚጥል በሽታ መድኃኒት መለሰው። በ1958 ሊዮናርድ የተባለ ሐኪም ከታችኛው የልብ ክፍል በሚነሳ ፈጣን ምት የተያዙ ሰዎችን በዚሁ መድኃኒት ስለማከም ጽፎ አሳተመ። ከዚያ ወዲያ 1960ዎቹ የፌኒቶይን የልብ ዘመን ሆኑ።

ለምን ያን ያህል ተወደደ? መልሱ ዲጂታሊስ ላይ ነው። ዲጂታሊስና ልጆቹ ክፉ ጠባይ አላቸው፤ በሚያድነው መጠንና በሚመርዘው መጠን መሐል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ነው። ሲበዛ ሰውየው ያቅለሸልሸዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ዓለም ቢጫ ቢጫ ሆና ልትታየው ትችላለች፤ ልቡ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ችግር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል። ከታች ያልታዘዘ ምት ይነሳል፤ ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ የሚወርድበት መንገድ ይዘጋል። እንደ ኪኒዲን ያሉት የዘመኑ መድኃኒቶች የታችኛውን ሁከት ሲያበርዱ መንገዱን ይብስ ይዘጉት ነበር። ፌኒቶይን ግን ሁከቱን አብርዶ መንገዱን አይዘጋም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይከፍተዋል። ለዚህ ነው በዲጂታሊስ ለተመረዘ ልብ ተመራጭ የሆነው።

አሰጣጡ ግን የዋዛ አልነበረም። በደም ሥር 100 ሚሊ ግራም፣ በየ5 ደቂቃው፣ ምቱ እስኪስተካከል ወይም 1 ግራም እስኪሞላ፤ ዓይን ከልብ መመርመሪያው መስመር ሳይነቀል። በደቂቃ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ከፈጠነ የደም ግፊትን ይጥላል፣ ልብንም ሊያቆም ይችላል። የጥፋቱ አንዱ ተጠያቂ መድኃኒቱ የሚሟሟበት ፈሳሽ ነው። ከላይኛው የልብ ክፍል ለሚነሳ መዛባት ደግሞ እምብዛም አይረዳም። በረጅም ጊዜ የሚውጡት ሰዎች ድዳቸው ሲያብጥ የሚያዩትም ከዚሁ መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ ጃክ ድሬይፈስ። ዎል ስትሪት ላይ በስሙ የሚጠራ የኢንቨስትመንት ፈንድ የመሠረተ ሀብታም ነው። በጭንቀት ሕመም ሲሰቃይ ኖሮ በ1963 ፌኒቶይን ወስዶ ተሻለው። ተሻለውና ሥራውን ትቶ የመድኃኒቱ ሰባኪ ሆነ! በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ከኪሱ አወጣ፣ ፋውንዴሽን አቋቋመ፣ ስለ መድኃኒቱ የተጻፈውን ሁሉ አስለቅሞ ለአሜሪካ ሐኪሞች በፖስታ አሰራጨ፣ በ1981 መጽሐፍ ጻፈ። ክርክሩ አጭር ነው፦ የባለቤትነት መብቱ ያለቀበት ርካሽ መድኃኒት ጠበቃ የለውም። ለአዲስ ጥቅም ገንዘብ አውጥቶ የሚያስፈቅድለት ኩባንያ አይገኝም። እውነትም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፌኒቶይንን ለልብ ምት መዛባት አጽድቆት አያውቅም፤ ሐኪሞቹ የሰጡት በራሳቸው ውሳኔ ነው። ድሬይፈስ ብዙ ነገር አጋኗል፤ መድኃኒቱ ለሁሉም በሽታ ይሆናል ወደማለት ደርሶ ነበር። ስለ ጠበቃው የተናገረው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ውድቀቱ ፈጣን ነው፤ እኔም ቶሎ ልለፈው። ሊዶኬይን መጣና በልብ ሕሙማን ክፍሎች ቦታውን ያዘ። ቮን ዊልያምስ የተባለው የኦክስፎርድ ምሁር ስሙን የሰጠው የልብ መድኃኒቶች አመዳደብ ፌኒቶይንን ከሊዶኬይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አስገባው። ከ1989 ጀምሮ የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከልብ ድካም አደጋ በኋላ የምት መዛባትን በእነ ፍሌካይናይድ ማፈን ሞትን እንደሚጨምር አሳየ፤ በሶዲየም በር ላይ ለሚሠሩት ሁሉ የነበረው ፍቅር ቀዘቀዘ። ከሁሉ በላይ ግን ቦታውን የወሰደው ዲጎክሲንን ደም ውስጥ እየያዘ የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ነው። በሰው ላይ የዋለበት የመጀመሪያው ታሪክ በ1976 ታተመ፤ በ1986 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በዲጎክሲን የተመረዘ ሰው ከአፋፍ የሚመልስ መድኃኒት ተገኘ። የሕክምና መጻሕፍትም ፌኒቶይንን ወደ ግርጌ ማስታወሻ አወረዱት፤ «ከዚህ በፊት ጥቅም ላይ ይውል ነበር» ብለው።

ይህ አረፍተ ነገር ነው የሚቆረቁረኝ። ይውል ነበር… የት? የተሻለው በደረሰበት ነዋ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት አዳርሰው በ1990 ያሳተሙት ጥናት 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አገኘ፤ ከሺህ ሰው አምስት መሆኑ ነው። በዘመናዊ መድኃኒት ይታከሙ የነበሩት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በእኛም ሀገር ወሎ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ክብሪት ተጭሮ ይሸተታል፤ ከዚያ ጠበል ነው፣ ወይም ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ነው። አልስቅበትም፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ በሽተኛውን መሐል ማድረጉ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። የአክስቴ ልጅ ልጅ ጠበሉንም ክኒኑንም አልተወም።

ልቡስ? የአክስቴ ልብ የተበላሸው በጉሮሮ ሕመም ነው። በቀዝቃዛው ደጋ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ አብሮ ያድራል፤ አንዱን የያዘው የጉሮሮ ባክቴሪያ ሁሉንም ያዳርሳል። በጊዜው ፔኒሲሊን ካልተሰጠ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ በር ይጎዳል። የእሷ ቤተሰብ ጉሮሮዋን ያከመው እንጥሏን በማስቆረጥ ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በ2009 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል የከፈተው ለእንዲህ ያሉ ልጆች ጭምር ነው። ለአክስቴ ግን ዘገየ፤ እሷ በ2009 ትልቅ ሰው ነበረች። የቀራት ዲጎክሲንና አንዳንድ ክኒን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ዲጎክሲንም ፌኒቶይንም ገብተዋል፤ ፌኒቶይኑ በሚጥል በሽታ ተራ። ርካሽ ስለሆኑ ሁለቱም ድሃ ሀገር ድረስ ይዘልቃሉ። ያ ውዱ ማምከኛ ግን አብሯቸው አልተጓዘም። ዋጋው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ስሪላንካን ማየት ነው። እዚያ ልክ እንደ ምረንዝ ልብን የሚመርዝ ቢጫ አበባ ያለው ዛፍ አለ፤ ብዙ ወጣቶች ፍሬውን በልተው ሆስፒታል ይገባሉ። በ2000 የታተመ ጥናት ማምከኛው እንደሚሠራ አረጋገጠ። ብዙም ሳይቆይ ሀገሪቱ መግዛት አቃታትና አቅርቦቱ ተቋረጠ፤ የሚሞተው ሰውም ጨመረ። ይህንንም ራሳቸው ተመራማሪዎቹ በ2003 ጻፉት።

እንግዲህ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ «ፌኒቶይን ይመለስ» ብዬ ሰልፍ አልወጣም። ከተመረዘ ልብ ጎን ማምከኛው ካለ እሱን የሚያህል የለም። ግን አንድ ወጣት ሐኪም በሌሊት፣ ዲጎክሲን በበዛበት ሰው አጠገብ፣ የልብ መመርመሪያው ላይ ያልታዘዘ ምት እያየ፣ ማምከኛው በአገሩ በሌለበት ሰዓት ያን የግርጌ ማስታወሻ አንብቦት ቢሆን እመርጣለሁ። መድኃኒቱ ምናልባት ኮሪደሩ ማዶ፣ የሚጥል በሽታ ሕሙማን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናላ።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ በስልክ ልነግራት ሞከርኩ። የልጁ መድኃኒት ለእሷ ልብ እንደማይሆን ነገርኳት፤ የእሷ መዛባት ከላይኛው ክፍል የሚነሳ ነውና። ከዚያም አልፎ ሁለቱ አንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ፌኒቶይኑ የዲጎክሲኑን መጠን ሊያወርደው እንደሚችል ጨመርኩላት። «ታዲያ ጎረቤት አይደሉም በለኛ» አለችና የልጁን መድኃኒት ወደ ወተት ቆርቆሮ አዛወረችው፤ ክዳኑ ላይም ቀይ ክር አስራለች።

አሁን ስደውል ከሰላምታው ቀጥዬ የምጠይቃት አንድ ነገር ነው። «እትዬ፣ ዓይንሽ ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ይታይሻል?» እላታለሁ። ባለፈው መስከረም ደወልኩና ያንኑ ጠየቅኳት።

«አዎ ይታየኛል» አለችኝ። ደነገጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ መስከረም እኮ ነው! ደጁ ሁሉ አደይ አበባ ነው።»